ለማሞቂያው ስለተሠራለት ጎጆ

ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአዲስ ተስፋ ሠፈራ መንደር ጓድ አስተባባሪ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ አስተባባሪ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ባለቤትዎን ከአራስነት በርትተው፣ ሕፃኑንም ጡት ጠግቦ እንድታገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት እንዳልደረሱ ስለተነገረኝ፣ ይቺኛዋን ዛሬ በገበሬ ማኅበራችን ስብሰባ አንብቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ወስኛለሁ። ሰሌዳው ከቢሮዎ አርባ እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ፣ መንገድ ላይ ትጠፋለች ብዬ አልሰጋም።

ጉዳዬ በሰኔ ማብቂያ ከለጋሾች ስለመጣልን፣ በጋዝ ስለሚያሞቅና በኤሌክትሪክ ስለሚያቀዘቅዝ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። በዚህ ዝናብ የተወለደ ሕፃን ሙቀት ይፈልጋል፤ በመጋቢት የምትወልድ እናትም ቀዝቃዛ አየር ብታገኝ አትጠላም። ልጄ የዝናሽ በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ትወልዳለች፤ የምትወልደውም በዚያ ክፍል እንደሆነ ተነግሯታል። ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነውና ሌላ ድብቅ ዓላማ እንዳይፈለግብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ሣጥኑን እንዲተክል ከአሶሳ የመጣው መካኒክ ማህጁብ፣ ሱዳን፣ ደማዚን ሲሠራ በነበረበት ጊዜ ይህን የመሰሉ ሁለት እንደተከለ ነግሮን፣ ከክፍሉ ግድግዳ ራቅ አድርጎ በሲሚንቶ መደብ ላይ አቆመው። ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሉ የሚያስገባውን ቧንቧ ዘረጋ፤ የጢሱን መውጫ ደግሞ ወደ ሜዳው አዞረ። እርስዎ መጥተው ሲያዩት «የመንግሥት ንብረት እንዴት ሜዳ ላይ ዝናብ ይመታዋል?» ብለው ተቆጡ። ማህጁብም «ወላሂ ጓድ፣ እሱ ዝናብ አይፈራም። ለውጭ ነው የተሠራው። ጢስ አለው፣ ሰማይ ይፈልጋል» ቢልዎ፣ «ስለ ንብረት አያያዝ ልታስተምረኝ ነው?» አሉት። በማግሥቱ በዘመቻ ወጥተን፣ ሣጥኑን ከነጋዝ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባች፣ ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ክዳኗ ሣር የሆነች፣ ከማዋለጃ ክፍሉ ጋር የተለጠፈች ጎጆ ሠራንለት። እኔም ቀርከሃ ተሸክሜያለሁና ከጥፋቱ ድርሻዬን አልክድም። በመንደራችን አራት አባወራዎች እስከ ዛሬ በላስቲክ ሥር እያደሩ፣ ሣጥኑ በመጣ በሦስተኛው ቀን የቤት ባለቤት ስለሆነ እንኳን ደስ አለው።

ሁለተኛ፦ ማህጁብ ጋዙ በመገጣጠሚያዎቹ በኩል እንዳያፈስ በሳሙና አረፋ መፈተሽ አለበት፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው ማለት ነው ብሎን ነበር። የሳሙና ራሽን ስላልታደለ አሶሳ ሄዶ ግማሽ ሳሙና ይዞ ሲመለስ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ጭብጨባው አልቆ አገኘው። ለካስ ፍተሻው በእርስዎ ትእዛዝ ተከናውኖ ነበር፤ ጥበቃው አሻግሬ ክብሪት ለኩሶ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር ተከትሎ «አልነደደም፣ ደህና ነው» ሲል ሪፖርት አድርጓል። ነዶ ቢሆን ኖሮ ሪፖርቱን ማን ያቀርብ እንደነበር ግን አልተገለጸልንም። መሬት ውስጥ መቀበር የነበረበት የኤሌክትሪክ ሽቦም ከጎጆዋ የቀርከሃ ምሰሶ ጋር ታስሮ ይገኛል። እኛ ፍየል የምናስረው እንደዚያ ነው።

ሦስተኛ፦ ቀርከሃው ክፍተት ስለነበረው ለሦስት ሳምንት ያህል ጢሱ እንደምንም ሲወጣ ቆየ። ሐምሌ 22 ቀን ግን «የወባ ትንኝ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይደፈን፤ እያንዳንዱ ቡድን የደፈነውን ቀዳዳ ቆጥሮ ያስመዝግብ» የሚል መመሪያ ከቢሮዎ ወጣ። የእኛ ቡድን ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር የሣጥኑን ጎጆ ከላይ እስከ ታች መረግናት፤ መቶ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ተመዘገበልንና አንደኛ ወጣን። ትንኝ ብረት ትነክስ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀዩን ባንዲራ የተቀበልኩት እኔው ነኝ፤ እጄ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።

አራተኛ፦ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በማዋለጃ ክፍሉ የተኙ እናቶች ራሳቸውን ያማቸው፣ ያስመልሳቸው፣ ጉልበታቸው ይከዳቸው ጀመር። ከሌላ አውራጃ መጥታ በጤና ረዳትነት የምታገለግለን እኅት ጸሐይነሽ የታመሙትን ሰባት እናቶች ደም ወስዳ ወደ አሶሳ ላከች፤ ከሰባቱ አንዱም ወባ እንደሌለበት ተጽፎ ተመለሰ። ሃያ እርምጃ ርቆ ባለው የወንዶች ክፍል፣ ትንኙ ያው ትንኝ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ የታመመ የለም። አንድ የሦስት ቀን ሕፃን እጇ ላይ ዝልፍልፍ ሲልባት ይዛው ወደ ውጭ ሮጠች፤ ዝናቡ ፊቱን ሲነካውና አየር ሲያገኝ አለቀሰ። አሻግሬም ከዝናብ ልጠለል ብሎ ጎጆዋ ውስጥ በተቀመጠበት መነሳት አቅቶት በሰው ድጋፍ ሲወጣ፣ ያዩት ሴቶች «ይሄማ ከሰል ያፈነው ሰው ነው» አሉ። እነሱ ኮርስ አልወሰዱም፤ የከሰል ጢስ ግን ያውቃሉ።

ጸሐይነሽ ጎጆዋ ትፍረስ ብላ ስትጠይቅዎ «ወባ ብለሽ መዝግቢ» አሏት። ከሣጥኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ላንብበው ስትልዎ ደግሞ ምስጢራዊ ሰነድ ነው ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ደግነቱ ከመቆለፉ በፊት አንድ ገጽ አንብባለች፦ ሣጥኑ በገላጣ ቦታ ይቁም፣ አራቱም ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ከላዩ ጣሪያ አይኑርበት፣ ጢሱ ከመስኮት ይራቅ ይላል። የእኛን አብዮት የሚያሰጋ ቃል አላገኘሁበትም፤ ምናልባት በሚቀጥለው ገጽ ላይ ይሆናል።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፤ እንዳልጠረጥርም ብዙ ታግያለሁ። ነሐሴ 3 ቀን ባለቤትዎ ምጥ ሲይዛቸው፣ እርስዎ በመረቁት ዘመናዊ ክፍል ደጃፍ አልፈው፣ በላንድሮቨር ያንን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው አሶሳ ሆስፒታል ገቡ። በሰላም በመገላገላቸው መንደሩ ሁሉ ተደስቷል። ከወባ ሊያሸሿቸው ነው እንዳልል አሶሳም ወባ አለ። ለብርድ ነው እንዳልል ሙቀቱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። እንግዲህ እርስዎ የሚያውቁት፣ መዝገቡ የማያውቀው አንድ ነገር መኖር አለበት። ልጄ የዝናሽ ወደዚያው ሆስፒታል መሄጃ የይለፍ ወረቀት ስትጠይቅ ግን ከቢሮዎ የተሰጣት መልስ «እዚህ ዘመናዊ ክፍል እያለ ወዴት ልትኮበልዪ ነው?» የሚል ነው። የዘጠኝ ወር ሆድ ይዞ የኮበለለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እለምናለሁ፦ ወይ ጎጆዋ ትፍረስ፣ ወይ ለልጄ የይለፍ ወረቀት ይሰጣት። ማፍረሱ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ወረቀቱም አንድ ፊርማ ነው።

በመጨረሻም፣ ለብረት ስላሳዩት ርኅራኄ፣ ለእናቶች ስለመረጡላቸው የበሽታ ስም፣ መመሪያውን ከሚያነቡት ሰዎች ስለጠበቁልን፣ በመንደሩ ሕዝብ ስም ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለባለቤትዎ የተደረገው ጥንቃቄ እስከ እኛ ደጅ የሚደርስበትን ቀን በሙሉ ዲሲፕሊን የምጠባበቅ፣

ይታየው ይመር
የአዲስ ተስፋ ገበሬ ማኅበር ጸሐፊና የቀዳዳ ደፋኞች አንደኛ ቡድን ባንዲራ ተቀባይ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው በስብሰባው እየተነበበ ሳለ የዝናሽን ምጥ ያዛት። ሴቶቹም መልስዎን የመጠበቅ ትዕግሥት አጡ። አሻግሬ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎጆዋ ፈርሳለች። ጸሐይነሽ መስኮቱን ከፍታ አሁን ከልጄ ጋር ናት። ማን አፈረሳት የሚል አጣሪ ኮሚቴ እንዳይደክም የሁላችንም ስምና የጣት አሻራ ከደብዳቤው ጀርባ ሰፍሯል። ከፈረሰችው ጎጆ አንድ ቀርከሃ እንኳ አልጠፋም፤ በመኖሪያ ቤትዎ ጓሮ ቆልለነዋል። ጎጆዋ ጉዳት የላትም የሚለው አቋምዎ እንደጸና ከሆነ፣ እሷንም ሣጥኑንም ከመኝታ ክፍልዎ ግድግዳ ጋር አስጠግተን በነጻ ልንተክልልዎ፣ አንድም ቀዳዳ ሳናስቀር ልንመርግልዎ ተዘጋጅተናል። ጭቃው ተቦክቷል፤ የቀረው የእርስዎ «ይሁን» ብቻ ነው።