ከኒላን ደጅ የሄደው አፈር

ሐምሌ 4

ልብስ አጠብኩ። ዓሣ ጠበስኩ። ከማድቤቱ ግድግዳ እስከ ወሽመጡ አፋፍ በእግሬ ለካሁ... አሥራ አምስት እርምጃ። አምና ሃያ ሁለት ነበር። ጨው ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ በጎደለ ቁጥር ከደሴታችን ትንሽ ቆርሶ ይሄዳል።

ጣውንቴ ኒላን ከአጥሩ ማዶ ሆና አየችኝ። «አንቺ ነርስ፣ መሬቱንም ልትመዝኚው ነው?» ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ለእሷ ዛሬም ነርስ ነኝ። ባላችን ምቢሳን ሲሞት ሁለት ቤት ጎን ለጎን ትቶልን ሄደ። እሷ የምትለቅመውን ዛጎል ሥጋውን ታወጣና ቅርፊቱን አፋፏ ላይ ትደፋለች፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። መከላከያዋ እሱ ነው። ይሄ ባሕር ያቆማል? ሳቄ መጣ... ደግሞ ፈራሁ።

ሐምሌ 11

ልጄ ለባሕር መከላከያ ግንብ የሚሆን ሲሚንቶ ከዳካር ላከልኝ። ግንበኛው አንሱማናም በጀልባ መጣ። ጎሳው ጆላ ነው። እኛ ሴሬሮች ከጆላ ጋር ስንገናኝ ካልተሰዳደብን ሰላምታም አይባል፤ የአያቶች ወግ ነው፣ የተቆጣ ያፍራል።

«ባሪያዬ፣ አለሽ? ሩዝ ስትውጪ ደረስኩብሽ!»

«ና ግባ፣ አንተ ሌባ። የዘንባባ ጠጅህ አልቆ ነው የመጣኸው?»

አፋፉን እየተዘዋወረ አየ። ግንቡ የኒላንንም ደጅ ካልያዘ አይሆንም አለኝ። ዝቅ ብሎ፣ ተዳፋት ሆኖ፣ ከሁለታችንም ፊት...

«ቀጥ ያለ ግንብ አንቺ ደጅ ላይ ብቻ ካቆምኩ፣ ውሃው እሱን መትቶ ይዞርና ጎረቤትሽን ይበላል።»

«ጆላ ሥራ ሲከብደው በባሕር ያሳብባል!»

«እውነቴን ነው፣ ዲቦር።»

«አንተና እውነት ደግሞ የት ተዋወቃችሁ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀጥ ያለውን፣ ከፍ ያለውን ሥራልኝ አልኩት። ሲሚንቶው ለሁለት ደጅ አይበቃም... ዝቅ ቢል ይበቃ ነበር እንዴ? አልጠየቅኩም።

ሐምሌ 29

አለቀ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው። ኒላን መጥታ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ያምራል» አለች። ወደ ዛጎሏ ተመለሰች። ደስ አለኝ። አዎ፣ የቀናች መስሎኝ ደስ አለኝ። ለራሴ ምን ያስዋሸኛል?

ነሐሴ 5

ዝናብ። ጉልበቴን ያመኛል። የምጽፈው የለም።

ነሐሴ 13

የእኔ አፋፍ አንድ ስንዝር አልጎደለም።

ነሐሴ 20

ውሃው ሲሞላ ግንቡ ዳር ቆሜ አየሁ። ይመታል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ይጠመዘዛል... ከግንቡ ጫፍ አልፎ ኒላን ደጅ ይገባል። የዛጎል ክምሯ ግማሹ የለም። በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ገብቼ ሩዝ ጣድኩ።

ነሐሴ 22

«ዘንድሮ ባሕሩ እኔን ለይቶ ጠላኝ» አለችኝ ኒላን። መሃላችን ያለው አጥር ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አፈር የለም። ምን ልበላት? «ክረምቱ ከባድ ነው» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

ነሐሴ 27

አንሱማና ጋ ደወልኩ። ግንቡን ወደ እሷ ደጅ ቀጥልልኝ አልኩት። «አሁን አፈሩ ግንብ አይሸከምም። ክረምቱ ይውጣ» አለ። አልሰደበኝም።

ለኒላን ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ሁለቴ እስከ በሯ ሄድኩ። ሁለቴም ስለ ፍየሏ አውርቼ ተመለስኩ።

መስከረም 8

ጨረቃ ሙሉ የሆነችበት፣ ባሕሩም ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የሚሞላበት ቀን። ቀትር ላይ የኒላን መኝታ ቤት ግድግዳ ሄደ። ድምፁ ያን ያህል አይደለም... ጆንያ መሬት ላይ እንደ መጣል። ጎረቤት ተጠራርቶ አልጋዋን፣ ሣጥኗን፣ የምቢሳንን መስገጃ አወጣን። ሰው ሁሉ ግንቤን ያያል። ኢማሙ ብቻ «አላህ ያውቃል» አሉ። ለማን እንዳሉት አልገባኝም... ገብቶኛል።

እኔ ጋ ሁኚ አልኳት። «ሠላሳ ዓመት አንድ ባል ተካፍለናል፤ አንድ ጣሪያ ግን አንችልም» አለችና ሳቀች። እንዴት ሳቅ መጣላት?

መስከረም 12

ኒላን ዛሬ ጠዋት ሄደች። ቲየስ፣ ልጇ ጋ። ባሕር የማይታይበት ከተማ... ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ውሃ ሳታይ ነግቶባት አያውቅም።

ጀልባው ጋ ስንደርስ አልቻልኩም። አወጣሁት። አንሱማና ነግሮኝ ነበር፣ ውሃው ቤትሽን እንደሚበላው እየሰማሁ ነው ያሠራሁት አልኳት።

ባለጀልባው ሞተሩን አስነስቷል።

«ለእኔም ነግሮኝ ነበር» አለች። «ያኔውኑ፣ ሳይጀምረው። ጣውንትሽን ከልክያት፣ ቤትሽን ያስበላሻል አለኝ። ጆላ ከመቼ ወዲህ ነው ቁም ነገር የሚያወራው ብዬ ሰድቤ ሸኘሁት።»

ሻሿን አስተካክላ ተሳፈረች። እጇን አልነሳችኝም፤ ጨበጠችኝ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ያን ጊዜ መጥታ ብትከለክለኝ ኖሮስ? እሰማት ነበር? አልሰማትም። ጣውንቴ አይደለች? በቅናት ነው እል ነበር። ይባስ ብዬ ግንቡን አንድ ክንድ አስጨምርበት ነበር።

አሁን ውሃው ሞልቷል። በእሷ ደጅ ዞሮ ማድቤቴን ከኋላ እየመታው ነው። ግንቡ አንድም ስንጥቅ የለበትም።