አትንኩት ያልኩት ቤት

ነሐሴ 27
ዝናብ። ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እስክደርስ ጫማዬ ውኃ ጠጣ። ጠዋቱን ሙሉ መብራት የለም፤ ሻይ እየጠጣን ሰው ስናማ አረፈድን። ከሰዓት ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። የእማሆይ ወለተ ማርያም ቤት የጓሮ ግድግዳ አብጧል፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ ይላል። ያ ባለ ሰገነቱ! ደብረ ማርቆስ ካሉት አሮጌ ቤቶች እንደሱ የምወደው የለም። ቅርስ ብዬ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። "ቅርስ" የሚለውን ታርጋም በሩ ላይ በእጄ ነው የመታሁት።

ተናደድኩ። "ሰው የያዘውን አያውቅም። ሆን ብለው ነው የሚያበሰብሱት!" አልኩ ጮክ ብዬ። ኢንጂነሯ ሄለን ሳቀች። "አንተማ ይሄን ቤት ብታገባው ይሻልሃል።" ነገ አብረን እናየዋለን። የቅርስ ኮሚቴው ይፍረስ አይፍረስ የሚለው የእኛን ሪፖርት አይቶ ነው።

ነሐሴ 28
ምርጊቱ ረግፏል። እንጨቱ ራቁቱን ቆሟል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሄለን ወደ ሰገነቱ ወጣች። እኔ ጓሮ ቀረሁ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ወቀስኳቸው።

"እማሆይ፣ ምነው ዝም አሉ? በየዓመቱ ጭቃ ቢያስመርጉት ኖሮ እኮ…"

ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ አይደለህም እንዴ አትንኩት ያልኸኝ?"

…እኔ?

"ታርጋውን የመታህ ዕለት። ጭቃም ይሁን ቀለም ያለ ፈቃድ አይነካም አልኸኝ። እነሥራነሽ ሊመርጉልኝ ጭድ ተሸክመው መጡ። ክልክል ነው ብየ መለስኋቸው። በዓመቱም መጡ፤ መለስኋቸው።"

ቁጣ የለባቸውም። የታዘዘውን በደንብ የፈጸመ ሰው አነጋገር ነው። የጎረቤታቸው የሥራነሽ ቤት እዚያው አጥሩን ተሻግሮ ነው። እሷ ማንንም አልጠየቀችም፣ በየዓመቱ ትመርጋለች። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ብያለሁ? ብያለሁ። ከስልጠና የተመለስኩ ሰሞን ነበር፤ "ኦሪጅናሉ" የምትል ቃል ከአፌ አትጠፋም ነበር። ፈቃዱን ማንን እንደሚጠይቁ ግን አልነገርኳቸውም።

ሄለን ሰገነቱ ላይ ስለነበረች አልሰማችም። አለመስማቷ ደስ አለኝ። አሁን ቁጭ ብዬ የሚያሳፍረኝ ይሄ ደስታ ነው።

ጳጉሜን 3
ሄለን ሪፖርቱን አነበበችልኝ። "የጉዳቱ ምክንያት፣ የባለቤቷ ቸልተኝነት። ትስማማለህ?" አዎ አልኩ። ፈረምኩ።

መስከረም 1
እማሆይ በሥራነሽ ስልክ ደወሉ። "ስለ ቤቱ አይደለም ልጄ። እንኳን አደረሰህ ልልህ ነው።" 

መስከረም 12
ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ አንተነህ ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት። ቸልተኛ ባለቤት የጥገና ድጋፍ አይሰጠውም፣ ስለዚህ ቤቱ ይፈርሳል፣ እማሆይም አምበር ከተማ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ይገባሉ። "ባለሙያው ምን ትላለህ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስለ ቅርስ ሲነሣ የምጮኸው እኔ ነኝ፣ ክርክር ጠብቀው ነበር። ውኃ ጠጣሁ። "የምጨምረው የለኝም" አልኩ። ይፍረስ ሲባልም እጄን አወጣሁ። እማሆይ በሙሽርነት የገቡበትን ቤት! ፈሪ። ሌላ ምን ልበል?

መስከረም 13
ውሳኔውን ልነግራቸው ሄድኩ። ሰምተዋል። ዕቃቸውን አስረዋል። ታርጋውን አስነቅለው፣ በነጠላቸው ጠርገው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"የመንግሥት ዕቃ ነው። ሲያፈርሱ እንዳይጎዳብህ ብየ ነው።"

ተቀበልኩ። አመሰግናለሁ ያልኩ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ… አላልኩም። ጥቅልሉን ታቅፌ በቀጥታ አቶ አንተነህ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ትናንት አፍህ የት ነበር?"

"አፍሬ ነው።"

"አፍረህ የሴትዮዋን ቤት ልታስፈርስ?"

 

መስከረም 24
ኮሚቴው ደግሞ ተቀመጠ። ቤቱ አይፈርስም፤ የበሰበሰው ብቻ ተነሥቶ በድጋፍ ይጠገናል። ለእኔ ማስጠንቀቂያ። ይገባኛል። ሰገነቱ ግን አይተርፍም፣ ሄለን እንጨቱን አይታዋለች። ይህንኑ ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

እማሆይ ዘንድ ሄጄ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። በመጨረሻ። "የምን ጥፋት? ደንብ አይደል እንዴ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 21
የምርጊት ቀን። ሠፈሩ ወጥቷል። ስደርስ ሥራነሽና ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው፣ የት ይደበቃል? ልከለክል የመጣሁ መስሏቸዋል።

ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩ፣ ጭቃውን ልረግጥ ገባሁ። "ኧረ የቢሮ እግር እዩልኝ!" አለች ሥራነሽ። ተሳቀ። ትንሽ ቀለለኝ። ሰገነቱ ወደነበረበት ግን ቀና ብዬ አላየሁም።

የመጀመሪያውን እማሆይ ይምረጉ ተባለ። እፍኝ ጭቃ ይዘው ግድግዳው ሥር ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይፈቀዳል?"

"እማሆይ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። እኔን አይጠይቁኝ።"

"እሽ" አሉ።

እጃቸውን ግን አላነሡም። ጭቃው በጣቶቻቸው መሃል እየተንጠባጠበ፣ ይፈቀዳል እስክል ቆመው ጠበቁኝ።