ከጀልባው ዳር እስከ ቅድስቱ፦ የአቶ አምሐ ገድሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሐ ገድሉ ከአባታቸው ከቄስ ገድሉ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጸሎት አድማስ ጥቅምት 5 ቀን 1946 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ማዶ ባለች የገጠር ደብር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ታናሽን አንቱ ማለት ለታላቅ እህት አፍ ያስቸግራል፤ ነገር ግን የዛሬው ወግ ነውና በቁም የነፈግሁትን ዛሬ እሰጣለሁ። እናንተም ልጆቼ፣ ካመለጠኝ እለፉኝ።

አባታችን ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስጀመሯቸው። አእምሯቸው ፈጣን ነበር፤ እግራቸው ግን ከአእምሯቸው ቀደመ። አንድ መዝሙር ደግመው ሳይጨርሱ ተነሥተው ውኃውን አይተው ይመለሱ ነበር። እናታችን "ይህን ልጅ ሳረግዝ ታንኳ አምሮኝ ይሆን?" ይሉ ነበር። አባታችን ለድቁና አስበዋቸው ነበር፤ ጳጳሱ ዘንድ የሚኬድበት ቀን ደርሶ ስንፈልጋቸው ከደንገል ታንኳ ሠሪዎች መካከል ተገኙ፤ ልብሳቸው በውኃ ርሶ፣ ደንገል እያቀበሉ። አባታችን "ቤተ ክርስቲያን የሚቀድስም የሚያደርስም ያስፈልጋታል" ብለው ተዉአቸው። ከዚያም ባሕር ዳር ከዘመድ ተጠግተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ።

በ1962 ዓ.ም. ገና በጉርምስናቸው በታንኳ ማገዶና ቡና ወደ ባሕር ዳር ገበያ ማመላለስ ጀመሩ። ቀጥሎም ምእመናንን ወደ ደሴት አብያተ ክርስቲያናት ማድረስ ዋና ሥራቸው ሆነ። በ1970 ዓ.ም. የመሸንቲ ተወላጅ የሆኑትን ወ/ሮ እናትዓለም ምሥጋናን በሽማግሌ ወግ፣ በሰማንያ አገቡ፤ ይትባረክንና ማህሌትንም ወለዱ። እናትዓለም ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ ከባላቸው ጋራ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ትዳራቸውን በቁርባን ማጽናት። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸውና አንዱ ቀርቶ አንዱ አይቆርብም። አምሐም እንቢ አላሉም። ነገሩ ዓመት ለዓመት የተንከባለለው በገመድ ምክንያት ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

በ1974 ዓ.ም. የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ አምሐ ሕዝቡን ወደ ደሴቷ ኪዳነ ምሕረት አድርሰው፣ ታንኳቸውን በውኃው ዳር ካለው ሾላ ሥር አስረው ሊያስቀድሱ ገቡ። አባ ፍሬ ስብሐት የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው አድረው ነበርና፣ ወደ ማዶው ደብር ለመሻገር ቀድመው ታንኳው ላይ ቢቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነፋስ ተነሣ። ቋጠሮው ላላ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ሾላው ብቻውን ቆሟል፤ ታንኳም የለ፣ አባም የሉ።

አምሐ በሰው ታንኳ እየቀዘፉ እስኪመሽ ፈለጉ። በማግሥቱ አባ ማዶ በደንገሉ መካከል፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋራ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ተገኙ። አምሐ እግራቸው ላይ ወድቀው ቢያለቅሱ አባ ሳቁ። "አንተ አምሐ፣ ምን ያስለቅስሃል? ጌታም በታንኳ ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሱት የፈሩት ናቸው" አሉ። ቀኖና ይስጡኝ ብለው ቢለምኗቸው "ቀኖናህ ቀላል ነው፤ ከሚስትህ ጋራ ቁረብና ያን ቀን አርፈህ ተቀመጥ" አሏቸው። የሰማ ሁሉ ሳቀ። አምሐን ለሚያውቅ ግን ከዚያ የከበደ ቀኖና አልነበረም። አባ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪያርፉ ድረስ ታንኳው ላይ በወጡ ቁጥር "ዛሬስ ወዴት ልትሰደኝ ነው?" ይሏቸው ነበር። ሌላው ይስቃል፤ አምሐ ገመዱን ደግመው ያጠብቃሉ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሕዝቡን አድርሰው እርሳቸው ከውኃው ዳር የሚቀሩ ሰው ሆኑ። ታንኳው በሞተር ጀልባ ተተካ፤ ልባቸው ግን ያው ገመዱ ላይ ነው። ከቅዳሴ ቀርተዋል እንዳትሉብኝ። ቅዳሴውን ከጀልባው ላይ ሆነው ይከተላሉ፤ ዲያቆኑ "ተንሥኡ" ሲል ጀልባው እየተናጠ ይነሣሉ፤ ሕዝቡ ሲሰግድ ግንባራቸውን ከጣውላው ያደርሳሉ። እናትዓለም ከውስጥ ጸበል በጠርሙስ ይዘውላቸው ይወጣሉ፤ አምሐም ጠጥተው የቀረውን ለሐይቁ ያካፍሉታል።

ለቁርባን ግን ከውጭ ሆኖ አይሆንም። ንስሐ ገብተው፣ ጾመው፣ ነጭ ለብሰው አብረው የገቡባቸው ዓመታት ነበሩ። አምሐ እስከ ወንጌሉ ይጸናሉ። ከዚያ ደጅ ነፋስ ሽው ሲል እግራቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ቃጭሉ ሲደወል ቦታቸው ባዶ ነው። እናትዓለምም የባላቸውን ባዶ ቦታ አይተው ከሰልፉ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ መልስ ላይ እናትዓለም ነጠላቸውን እያጣፉ "ዘንድሮም ገመዱን አቁርበን መጣን" ብለው፣ ጀልባ ሙሉ ሰው ሳቁን በነጠላው ያፈነበትን ቀን አስታውሳለሁ። አምሐም ሳቁ። ሲወርዱ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ልጆቼ፣ ይህን ሳሰማችሁ ወንድሜ ደስታ ያልነበራቸው ሰው እንዳይመስሏችሁ። እርሳቸው ተቀምጠው ሳይሆን እየሄዱ የሚያመሰግኑ ሰው ነበሩ። ጠዋት ከሐይቁ በእፍኛቸው ጨልፈው ፊታቸውን ሲያማትቡ "ተመስገን" ነው። ሞተሩ ሲነሣ ተመስገን፤ እንቢ ሲልም "ተመስገን፣ መሐል ሐይቅ ላይ አልሆነም"። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ፣ ተሳፋሪ ሎሚ ሲሰጣቸው፣ የታመመ ተጠምቆ በእግሩ ሲመለስ ተመስገን። አንዲት የከተማ ሴት ጉዞው ረዘመ ብለው ቢያጉረመርሙ "እመቤቴ፣ ውኃ ተሸክሞን እየሄደ እኮ ነው፤ መሬት እንኳ እንዲህ አላደረገልን" አሏቸው። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ያለ አምሐ ጀልባ አልተሳፈሩም። መከራ ባዩ ሰዎች ጀልባቸው ተሞልቶ ሄዶ ቀለል ብሎ ሲመለስ አይተናል። ለሌላው ያደርሱት የነበረውን ዕረፍት ለራሳቸው ማሳደር ነበር ያቃታቸው።

በ2002 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ቤት ሠርተው ገቡ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ይረጋጋል፤ እርሳቸው ግን ከሐይቁ ራቅሁ ብለው ባሰባቸው። ሌሊት የነፋስ ድምፅ ከሰሙ ገና ሳይነጋ በባጃጅ ወደ ወደቡ ይወርዳሉ፤ ገመዱን ነክተው ይመለሳሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ዋጋ አይጠይቋቸውም ነበር፤ "ጋሽ አምሐ፣ ገመድ ልንጠይቅ ነው?" ይሏቸዋል፤ እንደ ታማሚ። ባለፉት የጭንቅ ዓመታት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ተሳላሚው ሲቀንስ፣ የሚያደርሱት ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ወርደው ጀልባዋን ያዩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ገጠማቸው። ሐኪሙ የሚለውን ሰሙ፣ መድኃኒቱንም ወሰዱ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሱባኤ እንዲይዙ ወስደናቸው ነበር፤ በማግሥቱ "ይህ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ ምን አደርግበታለሁ" ብለው ተመለሱ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮ መቋጠር ሲያቅታቸው ነው መታመማቸውን ያመኑት። በዚያው ሰሞን የነፍስ አባታቸውን ቀሲስ ቃለ ሕይወትን አስጠርተው ከእናትዓለም ጋራ ንስሐ ገቡ። እናትዓለም ለምነው ለምነው የደከሙበት ነገር ነበርና፣ ደስ ለማለት ፈሩ።

የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወደ ደሴቷ ኪዳነ ምሕረት ተሻገርን። ጀልባዋን የነዳው ልጃቸው ይትባረክ ነው። ይትባረክ የቢሮ ሰው ነው፤ ገመዱን ከሾላው ጋራ እንደ ጫማ ክር አሰረው። አባቱ አዩት።

"ልጄ፣ ይህ ቋጠሮ ወንጌል እስኪነበብ አይቆይም" አሉት።

ይትባረክ ሊፈታው ጎንበስ ሲል እናቱ እጁን ያዙት። "ተወው። አንተ ታስራለህ፣ አባትህ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል፤ ቅዳሴው ያልቃል። እኔ አርጅቻለሁ" አሉ።

አምሐ ገመዱን አዩ፤ ሐይቁን አዩ። ነፋሱ ጀምሮ ነበር። እኛ ሁላችን ቆመን እርሳቸውን ነበር የምናየው። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

በወንዶች በኩል ቆሙ። እግራቸው መሬቱን መምታት ጀመረ። ከምስባኩ በፊት ራሳቸውን ወደ በሩ መለሱ፤ አየኋቸው። ወንጌሉ ተነበበ። ቃጭሉ ሲደወል እናትዓለም ከአጠገቤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያንን ባዶ ቦታ ደግመው ማየት አልፈለጉም። ሲገልጡ የአምሐ ቦታ ባዶ ነው። እጃቸው ክንዴን ጨበጠ። "ፊት ለፊት እዪ እንጂ" አልኋቸው። አምሐ ከቅድስቱ በር፣ ከሚቆርቡት ሰልፍ መካከል ነጭ ለብሰው ቆመዋል። እናትዓለም እንዴት እንደ ሄዱ አላውቅም፤ ክንዴ ግን እስከ ማግሥቱ አመመኝ።

ስንወጣ ጀልባዋ የለችም። ይትባረክ ዳር ለዳር እየሮጠ ጀልባ ያለውን ሰው ይጣራል። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ውኃ አይገባም፣ አይሮጥም፣ አይጣላም፤ አምሐ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው የተናገሩት ጥቂት ነው።

"ይትባረክ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ። ጌታም ተኝቶ ነበር።"

እናትዓለም "እውነትም እስከ ወንጌል አልቆየም" ቢሏቸው፣ "ከምስባኩ ፊት ነው የሄደው፤ ሲላላ ሰምቼዋለሁ" አሉ።

ሰምተውት ነበር። ሰምተው ቆሙ። እኔ ስለ ወንድሜ እምነት ከዚህ የበለጠ የምናገረው የለኝም።

ሁላችን የምንረግመው እምቦጭ ጀልባዋን መሐል ይዞ አቆይቷት ነበርና ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አመጧት። አምሐ "እንግዲህ ለእምቦጩም ተመስገን ልንል ነው" አሉ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከሚስታቸው ጋራ ከሾላው ሥር ዋሉ፤ የአባ ፍሬ ስብሐት ቀኖና ያን ቀን ተፈጸመ። በገዳሙ እንግዳ ቤት አድረን በማግሥቱ ተሻገርን።

ከዚያ ወዲህ ተረጋጉ ብዬ አልዋሻችሁም። ትንሣኤን ቆርበው፣ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ሕመሙ ጸናባቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ነፋስ መስኮቱን ሲነካው "ገመዱ?" ይላሉ። እናትዓለም "ታስሯል" ይሏቸዋል። ያርፋሉ፤ ደግሞ ይጠይቃሉ። ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነፋስ መጥቶ መስኮቱን መታው። አምሐ ዝም አሉ። እናትዓለም እንደ ልማዳቸው "ታስሯል" አሏቸው።

"ማን ጠየቀሽ?" አሉ አምሐ፣ ፈገግ ብለው። ቀጥለውም "ተመስገን" አሉ። በዚያው በበዓለ ኃምሳ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ አምሐ ገድሉ ባለቤታቸውን ወ/ሮ እናትዓለም ምሥጋናን፣ ልጆቻቸውን ይትባረክንና ማህሌትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን ፀሐይወርቅን፣ እንዲሁም ከውኃ ማዶ ለማዶ ያደረሷቸውን ብዙ ሰዎች ትተው ሄደዋል። ታመው ሳሉ ያልተለዩአቸውን፣ ዛሬም ከሩቅ ከቅርብ የመጣችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። እናትዓለም እኅቴ፣ ነፋስ ሲመጣ አትደንግጪ። ልጆቼ ይትባረክና ማህሌት፣ ጀልባዋን በደንብ እሰሩ፤ አስራችሁም ግቡ።

ነፋሱን ገሥጾ ባሕሩን ጸጥ ያሰኘ ጌታ የወልደ ጊዮርጊስን ነፍስ ይቀበልልን። ሌላውን አድርሰው ከደጅ ሆነው የሰሙትን ቅዳሴ ከእንግዲህ ወዲህ ከውስጥ ያሰማቸው፤ አሜን።