የአመተ ሥላሴ እንስራ ውጤት ይጠብቃል

ለተከበሩ የፍሳሽ ምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባልደረቦችዎም መሣሪያዎቻችሁም እንደምን ሰንብታችኋል? የእኛን የሸማ ተራ ጀርባ ነዋሪዎች ጤና ለመናገር አልደፍርም፤ እሱን ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚያውቀው የእርስዎ ላቦራቶሪ ነውና።

ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አመተ ሥላሴ ከግቢያችን ጉድጓድ እየቀዳች፣ በራችን ላይ ባኖረችው እንስራ ተሸካሚውንም አላፊ አግዳሚውንም ታጠጣ ነበር። ካረፈች ወዲህ እኔ ለነፍሷ ብዬ እሞላዋለሁ። ከጓሯችን ያለው የክር ማቅለሚያ ቤት ግን ፍሳሹን በጉድጓዳችን አጠገብ በሚያልፈው ቦይ ይለቅቃል፤ ጉድጓዱም መሽተት ጀመረ። አመለከትን፤ ባለሙያዎችዎ መጥተው ከቦዩም ከጉድጓዱም ቀድተው ሄዱ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የማቅለሚያው ኬሚካል ከውሃው ተነጥሎ ካልወጣ እንደማይለካ፣ የማውጫው ዘዴም ገና እየተሻሻለ መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ገብቶኛል። ጉሮሮ ግን ቀጠሮ አይቀበልም።

፪ኛ፦ ዘዴውን ለመፈተን ራሳችሁ ለክታችሁ ውሃው ላይ ከጨመራችሁት ኬሚካል ግማሹ ብቻ ተመልሶ ስለወጣ፣ ቁጥሩ አይታመንም ብላችሁ ውጤቱን ያዛችሁት። ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። ቁጥሩ ይቆየን፤ ከእኛ ውሃ የወጣውን ስሙን እንኳ ብትነግሩን ምን ነበረበት? ውስጡ የቀረውንማ እኛው እየጠጣን እናወጣላችኋለን።

፫ኛ፦ ናሙናውን ዳግም የቀዳችሁት ማቅለሚያ ቤቱ በተዘጋበት በሥላሴ በዓል ነበር። ቦዩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። በዓል አክባሪነታችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ።

ተሸካሚው ጥጋቡ በቀደም ሽታውን ነግሬው ላስጥለው ብል፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ እጅ ከሆነ መርዙም ጸበል ነው» ብሎ እየሳቀ ጨለጠው። ያ ሳቅ ከጸሎቴ መሐል ይገባል። ባላጠጣ የሟችን አደራ በላሁ፤ ባጠጣ በእሷ ስም ሰው ገደልኩ። ጽድቅ ፈልጌ ነው የማጠጣው ወይስ እሷን ናፍቄ? ይህን ራሴን እጠይቃለሁ። እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ላጠጣ ወይስ ልተው?

ዘዴው እስኪሻሻል ለእርስዎ ጤናን፣ ለእኛ ዕድሜን እየለመንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ወልደሚካኤል

የተረሳ፦ ባለሙያዎችዎ በመጡ ቀን ፀሐዩ ከባድ ነበርና ከእንስራው ቀድቼ ጋብዣቸው ነበር። አመስግነውኝ፣ ከማዶው ሱቅ የታሸገ ውሃ አስገዙ። እኔ ይሉኝታ መስሎኝ! ለካ ውጤቱ የዚያኑ ዕለት ወጥቶ ኖሯል። እንስራውን ደፍቼዋለሁ፤ ከበሩ ግን አላነሣሁትም። ጥጋቡ ለምን ደረቀ ሲለኝ፣ የእርስዎን ስም እነግረዋለሁ።