ንብ ጠብ አይወድም ላሉኝ አማቴ

ውድ አባባ ጣሰው፦

ስልክ ብደውል እንደሚዘጉብኝ ስለማውቅ መጻፍ መረጥኩ። ይህን የምታነብልዎት ሺሺንዳ ገበያ ማርዎን የምትገዛዎት ኸይሪያ ናት። አንድም ቃል ሳትዘል እንድታነብ አስምዬያታለሁ፤ ሲቆጡ ውሃ ሰጥታ እንድትቀጥልም ነግሬያታለሁ። አማርኛዬ የከበደዎት እንደሆነ በቋንቋዎ በካፊኖኖ ታስረዳዎታለች። በልዑልቃል በኩል ያልላክሁት ባሌ የማይወደውን ነገር ዘሎ የሚያነብ ሰው ስለሆነ ነው። እርስዎም ልጅዎን ያውቁታል።

ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቀፎ ለመስቀል ዛፍ መውጣቱን ተዉት ወይስ አሁንም «አንዴ ብቻ» እያሉ ገመዱን ይታጠቃሉ? እኔ ዋጫ እናቴ ቤት ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለቴ ግን ለሰላምታው ያህል ነው፤ ልቤ አላረፈም።

በሙሽርነቴ ቤትዎ ስገባ ንብ እፈራ እንደነበር ያስታውሳሉ። እጄን ይዘው ጓሮ ካሉት ቀፎዎች አጠገብ አቆሙኝና «ትንፋሽሽን ይልመዱት፤ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ሰው ነሽ» አሉኝ። አንዷ ግንባሬን ብትነድፈኝ «ይኸው ሳመችሽ» ብለው ሳቁብኝ። አባቴ የሞተው በልጅነቴ ነው። የቤቱ ሰው ነሽ ያለኝ የመጀመሪያው ወንድ እርስዎ ነዎት። ቀፎ እንዴት እንደሚታጠን፣ የገተም ዛፍ አበባ ማር ለምን እንደሚነጣ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከባሌ ይልቅ የሚናፍቁኝ እርስዎ ነዎት።

ከዚያ ያ ጠብ መጣ። ቦንጋ ኮሌጅ ገብቼ ልማር ብል ልዑልቃል እምቢ አለ። ጮኸናል፣ አልክድም፤ ጎረቤትም ሰምቷል። በዚያው ሰሞን የጓሮው ንብ አለቀ፤ የተረፈውም ቀፎውን ጥሎ ሄደ። እርስዎም ሊያስታርቁን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት «ንብ ጠብ አይወድም፤ ጩኸት ያለበት ቤት አያድርም» አሉ። ስሜን አልጠሩም። ሂጂም አላሉኝም። ዓይንዎ ግን እኔ ላይ አረፈ፤ የሽማግሌዎቹም ዓይን ተከትሎ መጣ። ልብሴን የሰበሰብኩት ያን ዕለት ነው።

በአባባሉ እየቀለድኩ እንዳይመስልዎት። በእርስዎ ቤት ባልና ሚስት ከተኳረፉ ሳይታረቁ ቀፎ አይነካም። ማር መቁረጫው ሲደርስ ስንት ኩርፊያ በዚህ ልማድ እንደተፈታ አይቻለሁ። እኔና ልጅዎም ሁለት ጊዜ የታረቅነው ማሩ እንዳያልፍብን ስንል ነው። ልማዱ ደግ ነው። ያን ጊዜ ግን ያለ ቦታው ገባ።

ያየሁትን ልንገርዎት። በቆሎው ላይ ተምች ገብቶ ቅጠሉን ወንፊት አድርጎት ነበር። ልዑልቃል ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ ረጨ። ከሰዓት ዝናብ እየመጣ ስለሚያጥበው የረጨው ረፋድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ ንቦቹ የበቆሎው አበባ ላይ ነበሩ። እርስዎ ቢታ ገነት ለቅሶ ሄደው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከቀፎዎቹ ሥር ንብ እንደ ተደፋ እህል ፈስሶ አገኘሁ። ያልሞቱት ምላሳቸው ወጥቶ መሬት ላይ ይሽከረከሩ ነበር። አባባ፣ ጠብ ንብን ያባርር ይሆናል፤ ምላሷን ግን አያስወጣም።

ልዑልቃልን ጠርቼ አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ለአባባ እንዳትነግሪያቸው፤ ይታመማሉ» አለኝና መጥረጊያ አምጥቶ ራሱ ጠረገው። እርስዎ ሲመለሱ የጠበቀዎት ጸጥ ያለ ቀፎ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት እሱ ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጫማውን ሲያይ ዋለ። የእኔ ዝምታ አልነቀዘ ይሆናል፤ ስሜ ግን ነቀዘ።

ልጅዎን ጨካኝ እንዳይሉት። በቆሎው ባይተርፍ ምን ልንበላ ነበር? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነበት እንጂ ክፋት አልነበረውም። ሁሉንም ነገር መርዙ ላይ መጫንም አልፈልግም። ከቤታችን ጀርባ የነበሩት ገተሞች ለጣውላ ወድቀው ቦታው ማሳ ሆኗል። ዝናቡ ሰዓቱን ስቶ አበባው ገና ሲፈካ ያራግፈዋል። የአረሙን አበባ እንኳ በመድኃኒት ስለምናጠፋው ገተም እስኪያብብ ንቡ ጾሙን ይከርማል። «ጫካው ራቀብኝ» ይሉ የነበረው እርስዎ ራስዎ ነዎት። የተራበና ቤቱ የፈረሰበት ፍጥረት መርዝ ሲጨመርበት አልቆ ቢያልቅ ምን ይገርማል?

እዚህም ከዚያ የተሻለ አልጠበቀኝም። የእናቴ ዱባ ያብባል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፍሬ ያሳያል፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። እናቴ ዘሩን ስትራገም ከረመች። እኔ ግን አበባው ላይ ብቀመጥ ብቀመጥ አንድም ንብ አላየሁም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወንዱን አበባ ቀጥፌ የሴቷን መሃል እነካካለሁ። ሰፈሩ «ዙፋን አበባ ትድራለች» እያለ ይስቃል። ይሳቁ፣ ዱባዬ ይዟል። ነገር ግን አባባ፣ ዱባ ጥቂት ነው፤ በእጅ ይደርሳሉ። የጫካው ቡና ሲያብብ ማን በእጁ ይደርስለታል? ባለፈው ዓመት የእናቴ ቡና ቅርንጫፉ ላይ አልፎ አልፎ ነው የያዘው። ይህን ሳስብ እፈራለሁ። ቦንጋም ሺሺንዳም ዋጫም የምንለብሰው፣ ልጅ የምናስተምረው በምን ነው?

አሁን ወደጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ወር መጀመሪያ የእናቴ አቮካዶ ላይ የንብ መንጋ አረፈ። ትንሽ ናት፣ የተጎዳች። እርስዎ እንዳስተማሩኝ አሮጌ ቀፎ አጥኜ ሰቀልኩላቸው፤ ገቡ። እናቴ እልል ብላ «ተፈረደልሽ! ጠበኛ ቤት አይገቡም አላሉም?» አለች። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። የመጡት ዛፉ ከተመነጠረበት አቅጣጫ ነው። ሊፈርዱልኝ አልመጡም፤ እንደኔው ማረፊያ አጥተው ነው።

የጎረቤታችን የፍቅሩ በቆሎ ካጥራችን ሥር ነው። ተምች ገብቶበታል፣ አበባውም ወጥቷል። መድኃኒቱን ገዝቶ አስቀምጧል፤ ቅዳሜ ረፋድ ሊረጭ ነው። ሄጄ ለመንኩት።

«ዙፋንዬ፣ ልጆቼ የሚበሉት በቆሎ ነው» አለኝ።

«ማታ እርጨው እንግዲያ።»

«ማታ ዝናቡ ይወስደዋል። ደግሞስ መድኃኒቱ ንብ ይገድላል ያለሽ ማን ነው? የባልሽ አባት ጋሽ ጣሰው ናቸው በዚህ አገር ንብ የሚያውቁት። እሳቸው ደግሞ ንብ የሚሄደው በጠብ ነው ብለዋል። እኔ ከሚስቴ ጋር ሰላም ነኝ!»

እያሾፈብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገሩት ቃል ከእርስዎ ቀድሞ ዋጫ ገብቷል። መጀመሪያ እኔን ከቤት አስወጣኝ፣ አሁን ደግሞ ለመርዙ በር ከፈተለት። እንደገና ለመንኩት። በመጨረሻ ፍቅሩ «ጋሽ ጣሰው ራሳቸው መጥተው መድኃኒቱ ነው ካሉኝ እሰማለሁ፤ የሚሉኝንም አደርጋለሁ» አለ።

ኸይሪያ፣ እዚህ ላይ ውሃውን ስጪያቸው።

አባባ፣ አርብ በመጀመሪያው መኪና ይምጡ። ተምችን በአመድም በእጅም እንዴት እንደሚመክቱት፣ መርጨት ግድ ከሆነም ንቦቹ እንዴት ተዘግተው እንደሚውሉ እርስዎ ያሳዩት። ልዑልቃል ልምጣ ካለ ይምጣ፤ ግን ጫማውን ትቶ የሰው ፊት እያየ ይናገር። ኮሌጁንም አልተውኩትም፣ ይህንንም ይወቁት።

ፍቅሩ ፊት ቆመው «ንቦቼን የገደላቸው መርዝ ነው» ካሉ ንቦቹ ይተርፋሉ። ያን ቃል ሲናገሩ እኔም እሰማለሁ፤ ሌላ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። አይ፣ ያኔም ጠብ ነበር የሚሉ ከሆነ ግን ለመኪና አይድከሙ። ፍቅሩ ከሚስቱ ጋር ሰላም ነው።

አርብ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

የቤቱ ሰው ያሉኝ
ዙፋን
ዋጫ