አፉ የታሰረው ጆንያ

ግንቦት 21
ቦዩን ጠረግኩ። ግማሹን ብቻ... ወገቤ እንቢ አለኝ። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሦስት መደብ ገና አልተቆፈረም። የሽንኩርቱ ዘር ግን ደርሷል። አገዳው ደርቋል፣ አናቱ ላይ ጥቁሯ ፍሬ ብቅ ብላለች። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየዓመቱ እየዘራ እየለቀመ ያቆየው ዘር ነው። ዓመት ካለፈው አይበቅልም፤ ሌላ መጠባበቂያም የለኝም። ዝናብ ሳይነካው ከነገ ወዲያ እለቅመዋለሁ።

ግንቦት 23
ከገበያ ስመለስ ወንድምጋሼ ጓሮውን አጽድቶ ጠበቀኝ። ማን ጠራው? መደቡ ባዶ! አንድ አገዳ የለም።
"ሽንኩርቴስ?"
"የደረቀውን ሁሉ ነቀልኩልሽ እኮ፤ ደግሞ..."
ደግሞ ምን? አላስጨረስኩትም። ዕድሜውን ሙሉ ከተማ ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ስለ ዘር ምን ያውቃል? አባዬ ሲታመም የት ነበርክ አልኩት። ልፋቱን ነቅለህ ጣልከው አልኩት። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ! እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ። ይውጣ።

ግንቦት 24
ደወለ። ዘጋሁት። ደግሞ ደወለ። ዘጋሁት።

ግንቦት 26
እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች።
"ታላቅሽ ነው፣ የሚልሽን ስሚው።"
"ከዚያ ሰውዬ ጋር አታገናኚኝ።"
"እሺ፣ መልእክቱን ልንገርሽ..."
"እማዬ! ከሱ የመጣ ነገር አልሰማም አልኩ!"
ተወችኝ። ራት ላይ ሁለታችንም ሳህናችንን እያየን በላን። ታላቅነቱ ለነቀላ ብቻ ነው እንዴ?

ግንቦት 28
ጢሱ እስኪያንቀኝ አቃጠልኩ። ከመጋዘኑ ጎን የከመረውን አረም፣ አገዳ፣ ቅጠል... እሱ የነካውን ነገር ማየት አስጠላኝ። ጭራሽ ክምሩ አናት ላይ አፉን ያሰረው ጆንያ ጉች ብሏል። ቆሻሻውን እንኳ ወስዶ አይጥልም? በእግሬ ገፍቼ እሳቱ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እዋሻለሁ... ደስ አለኝ።

ሰኔ 1
ደመናው ከብዷል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።
"ብትሰሚም ባትሰሚም እነግርሻለሁ! ሊዘንብ ነው፣ ጆንያውን ታስገባው ብሏል።"
"የቱን ጆንያ?"
"የሽንኩርቱን ነዋ! አናት አናቱን ቆርጦ፣ ፀሐይ ይምታው ብሎ ክምሩ ላይ አስቀምጦልሽ የለ? መቼ አስነገርሽን!"
አመዱን በእጄ በረበርኩት። አንድ ፍሬ ፈለግኩ። አንድ! የለም።
የሚገርመው አሁንም እሱን ነው የምረግመው። ለምን ክምሩ ላይ? ለምን ቆሞ አልጮኸብኝም? ኧረ ተይ... ክብሪቱን የጫርሽው አንቺ።

ሰኔ 2
ወንድምጋሼ መጣ። መቆፈሪያ ይዞ።
"ጆንያውን አስገባሽው?"
"አቃጠልኩት።"
አመዱን አየ። እኔን አየ። ስድቡን ጠበቅኩ፤ ይበለኝ፣ ይገባኛል። እሱ ግን ጃኬቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ መቆፈር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። ምነው አንዴ እንኳ በሰደበኝ?
"ወንድምጋሼ..." አልኩት።
"ቦዩን ጨርሺ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ጨረስኩ። እሱም ሦስቱን መደብ ጨርሶ ሄደ፤ ደህና እደሪ እንኳ አላለኝም። አሁን እየዘነበ ነው። ውሃው በቦዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ መደቡም አምሯል። የሚዘራበት ዘር ግን የለም።