ጋሽ ውቤን ስታስነሱ ረድዋንን ስለ መግደላችሁ

ለኩልል የመዝናኛ ሥራዎች ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ድርጅትዎ እንደምን ናቸው? እኛ ሪያድ ውስጥ ዑድ በተባለ ሰፈር በአንዲት ክፍል አብረን የኖርን አምስት የልስን ሠራተኞች፣ ከመካከላችን አንዱ በድርጅትዎ በኩል ከመሞቱ በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስሜ ሙሀባው ይባላል። አገር ቤት ሳለሁ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ ደብዳቤ ያለ ተራ ቁጥር መጻፍ አይሆንልኝም፤ ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። «ማደሪያ ቁጥር ዘጠኝ» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማ ከአሥራ ሁለት ዓመት እንቅልፉ ሊነሣ መሆኑን ሲያስነግሩ ክፍላችን በእልልታ ተሞልታ ነበር። መነሣት የሚገባው ሥራ ነው። በዚያች የደሴ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ርካሽ ማደሪያ፣ ሻንጣ ተሸካሚው ሽማግሌ ጋሽ ውቤ የእንግዳውን ሻንጣ ገና ከመሬት ሲያነሡት፣ ከክብደቱ ተነሥተው ሰውየው ከማን ተጣልቶ እንደወጣ ሲናገሩ፣ አሮጌውን ቅጂ በስልካችን እየሰማን በሣቅ ስንት ግድግዳ አበላሽተናል። በድራማው መቶ አርባ ሦስተኛ ክፍል አንዲት ሴት ሻንጣዋን እንዳይነኩባት ለምና፣ ምክንያቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት ማስታወቂያ ገባ። ማስታወቂያው ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው።

የእርስዎ ብሥራት ግን በዚያ አላበቃም። አዲሱ ድራማ ጋሽ ውቤን ሆኖ ለተጫወተው ለሟቹ ረድዋን እንድሪስ መታሰቢያ እንዲሆን ተወስኗል ተባለ። ሟቹ በዚያች ሰዓት ከአጠገቤ ተቀምጦ ካልሲውን ያጥብ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. ስለ አሟሟቱ። እኔ በሠራሁበት ቀበሌ አንድ ሰው ሞቱ እንዲመዘገብለት ሦስት ምስክር ያስፈልገው ነበር። በእናንተ ዘንድ ግን፣ ጠይቀን እንደተረዳነው፣ አንድ ሠራተኛችሁ አሮጌውን ቅጂ አዳምጦ፣ ድምፁን የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ነው ብሎ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደምሮበት ሰማንያ ሰባት ሲሞላ ቀበረው። ረድዋን ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ለችሎታው ይህን የሚያህል ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ስህተት ነው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ የውል ፋይሉ ከነፎቶግራፉ ከእናንተው ዘንድ መኖሩን ሲነግረኝ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ሟች ሚናዬን መልሱልኝ አይልም። በአዲሱ ድራማ ማደሪያዋ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ልትሆን ነው፣ ጋሽ ውቤም ክራባት ሊያስሩ ነው ሲባል አይከራከርም። የሞተ ተዋናይ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!

፪. ስለ ድምፅ ውድድሩ። ረድዋን መኖሩን የሚያስረዳበት መንገድ ቢጠፋው፣ የጋሽ ውቤን ድምፅ በደንብ የሚያስመስል ሰው ለመምረጥ ባወጣችሁት ውድድር ገብቶ ድምፁን በቴሌግራም ላከ። ሦስተኛ ወጣ። ከዳኞቹም አንዱ ጥሩ ሙከራ መሆኑን፣ ነገር ግን የዋናው ባለድምፅ ለዛ እንደሚጎድለው በትሕትና ጽፈውለታል። ሁለት ቀን ሙሉ አሮጌውን ቅጂ በስልኩ ደጋግሞ አዳመጠ። በሦስተኛው ቀን፣ እውነት ለዛዬ ሄዶ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። በዚህች ብቻ ክቡርነትዎን ይቅር ማለት ያቅተኛል።

፫. ስለ ማስረጃው። ቢሮዎ በመጨረሻ ሲመልስልን፣ ሰውየው በሕይወት ስለመኖሩ የኢቃማውን ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን ፎቶና የሚያድርበትን ቤት ሎኬሽን ይላክ አለ። ረድዋን ኢቃማ የለውም። እዚህ እኛን ሎኬሽን የሚጠይቁን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዕቃ አመላላሽ ነው፣ ሌላው እኛኑ የሚያመላልስ ፖሊስ ነው። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ስላልተገለጠልን ሳንልክ ቀርተናል።

፬. ስለ እናቱ። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያልቅብኝ አይፍረዱብኝ። ወይዘሮ ሐሊማ የሚኖሩት ደሴ አካባቢ ባለችው ቢስቲማ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሬዲዮ ነው ወዳጃቸው፤ የልጃቸውንም ሞት የሰሙት ከእናንተው ሬዲዮ ነው። ሐዘን ተቀመጡ። ረድዋን ወዲያው ደወለ፤ እኛም ተራ በተራ ተቀብለን፣ ደህና ነው፣ አብሮን ነው አልናቸው። ይህን ባንል ይሻል ነበር። በእኛ ዘንድ በስደት ሰው ሲሞት፣ መርዶው ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እስኪነገር ድረስ የክፍሉ ልጆች ለቤተሰቡ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያሉ ያቆያሉ። እኔ ራሴ ከፎቅ ወድቆ የሞተውን የክፍላችንን ልጅ የኢሊያስን ነገር ከእናቱ አሥራ ስምንት ቀን ደብቄአለሁ። የኢሊያስ እናት ደግሞ የወይዘሮ ሐሊማ ጎረቤት ናቸው። እንግዲህ ደህና ነው ባልናቸው ቁጥር ለቅሷቸው ባሰ።

ረድዋን እማ እኔ ነኝ ሲላቸውስ? ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመንደሩን ሰው ድምፅ ሁሉ ሲያስመስል ያደገ ነውና፣ አሁን ደግሞ አንዱ ጓደኛው የእሱን ድምፅ አስመስሎ ሊያጽናናቸው የደወለ መሰላቸው። አንተ የሰው ልጅ፣ አላህ ይባርክህ፣ ግን ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብለው መርቀው ዘጉበት። ጎረቤቶች በቪዲዮ አይተው አለ ቢሏቸውም፣ እናንተም አብራችሁ ትደብቁኛላችሁ አሏቸው።

ክቡር ሆይ፣ የጠየቅንዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ሞተ ያለው ሬዲዮ አልሞተም ይበል፤ እናቱ ሌላ ማንንም አያምኑምና። ቢሮዎ ግን ማስተካከያው ከመጀመሪያው ክፍል ጋር ቢነገር ለአድማጭ ትልቅ ሰርፕራይዝ እንደሚሆን ገልጾ፣ ሁለት ወር እንድንታገሥ በአክብሮት ጠየቀን። የአንዲት እናት ለቅሶ ለማስታወቂያ እንዲበስል ሁለት ወር ምድጃ ላይ ይቆይ ማለታችሁ ካልሆነ፣ ሌላ ትርጉም ላገኝለት አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ረድዋን ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ኸላስ፣ በቃ ሙሀባው ወንድሜ፣ እናቴ ፊቴን ካልዳሰሰች አታምንም አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፖሊስ ሲሸሽ የኖረ ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ወደ አገር ለሚመልሱት፣ ለተርሂል፣ እጁን ሰጠ። ከዚያ ለሚወጣ ወደዚህ መመለሻ የለውም። የሚሠራው ለእናቱ የዓይን ሕክምና ነበር፤ ገንዘቡ ሊሞላለት ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ቢቆይ በዓይናቸው ያዩት ነበር። አሁን በእጃቸው ይዳስሱታል። ስለዚህ ውለታዎ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጣሁ፤ ተናድጃለሁም፣ አዝኛለሁም።

የተኛውን ሁሉ የመቀስቀስ፣ የነቃውን ሁሉ የማስተኛት ሥራዎ እንዲቃናልዎ እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮትና ከማይቀንስ ጥርጣሬ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሙሀባው
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የዛሬ ልስን ሠራተኛ፤
ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ በሕይወት ያለ

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሦስት ሳምንት አለፈ። ረድዋን ከትናንት በስቲያ ቢስቲማ ገብቷል። በድራማው ምረቃ የጥሪ ወረቀት ላይ እንዳየሁት፣ ለእርሱ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተይዞለታል፤ እባክዎ እንዳይሰርዙት፣ ከእናቱ ጋር ሊገኝ ተነሥቷል። እሱ ደቂቃዋን ከእናንተ ጋር ቆሞ በዝምታ ለማሳለፍ ቃል ገብቷል። እናቱ ግን ቃል አልገቡም።